ሕፃኑ ወዴት ያያል?

ሕፃናት ቃልን ከዕቃና ከድርጊት ጋር እንዴት ያያይዙታል? ክፍል ውስጥ ስንማረው ቀላል መስሎኝ ነበር። ዕቃውን እያሳዩ ስሙን መደጋገም ነው፤ በቃ!

የእህቴ ልጅ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ከ“እማ” እና ከ“እንካ” ሌላ እምብዛም አይናገርም። ጎረቤቱ “ዘገየ” ማለት ሲጀምር እህቴ እንቅልፍ አጣች። እኔም ተምሬያለሁ ብዬ የሥዕል ሰሌዳ ገዛሁና ግድግዳ ላይ ለጥፌ “ማንኪያ በል! ማንኪያ!” እያልኩ ሳምንት ሙሉ አደረቅሁት። ልጁ እቴ! ዓይኑ በሩ ሥር ካለው መጥረጊያ ላይ ነው።

ስሕተቴ የገባኝ ማስታወሻዬን መልሼ ሳነብ ነው። ቶማሴሎ እና ፋራር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናት ቃሉን ይበልጥ የያዙት አዋቂው እነሱ ቀድመው የሚያዩትን ዕቃ ስም ሲጠራላቸው ነበር። ዴር ባልድዊን ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቻቸው ጥናቶች፣ የ18 እና የ19 ወር ሕፃናት አዲስ ስም ሲሰሙ የተናጋሪውን ዓይን ተከትለው ስሙን እሱ ላየው ዕቃ እንደሚሰጡ አሳይታለች። እንግዲህ ቃልን ከዕቃ ጋር የሚያጣብቀው ድግግሞሽ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰው አንድ ነገር ላይ አብሮ ማተኮሩ ጭምር ነው።

ሰሌዳውን ትቼ ልጁን ተከተልኩት። መጥረጊያውን ሲያነሳ “መጥረጊያ! ጥረግ፣ ጥረግ” እላለሁ። እግሩን ጫማ ውስጥ ሲከት “ጫማ! ተጫማ” እላለሁ። አማርኛችን እዚህ ላይ ደግ ነው፤ የዕቃው ስምና ድርጊቱ በአንድ ድምፅ ይመጣሉ። በሥዕል ያለ ማንኪያ ግን አይያዝ፣ አይላስ!

በአራተኛው ቀን እህቴ ከጓዳ ሆና “መጥረጊያውን አምጣልኝ እስቲ፣ የኔ አባት” አለችው። እየጎተተ ወሰደላት። ቃል አልተነፈሰም፤ ግን ገብቶታል። “ለካስ ይሰማኛል!” አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

የአንድ ልጅ ነገር ጥናት አይባልም። ሆኖም መረዳት ከመናገር እንደሚቀድም በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚባለውንም የማይረዳ ልጅ ከሆነ ግን “ይደርሳል” ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ጆሮውን ማስመርመር ያስፈልጋል።

ለተግባር ልምምድ ወደ አፀደ ሕፃናት የምንወጣ ተማሪዎችም ሰሌዳ ከመስቀላችን በፊት ልጁ ወዴት እንደሚያይ ብናይ መልካም ነው እላለሁ።