ማረሻ ያወጣው ገል

በዘንዘልማም ይሁን በሌላ የጣና ዙሪያ ቀበሌ፣ ማረሻ ገል ባወጣ ቁጥር «ከሥሩ ወርቅ አለ» የሚል ወሬ መነሣቱ አይቀርም። ወሬውን ያመነ በሌሊት ዶማ ይዞ ይወጣል። የድስት ስባሪ ግን የሚመሰክረው ሰው እዚያ ማብሰሉን እንጂ ወርቅ መቅበሩን አይደለም። ጉድጓዱም ከማረሻው የባሰ ያጠፋል።

ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ከስንዝርም እምብዛም አያልፍም። በትልምና በትልም መካከል ያልታረሰ ስለሚተርፍ ገበሬው አግድም መልሶ ያርሳል፤ ለጤፍ ሲሆን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግማል። በዚህ ምልልስ ትልልቁ ገል ወደ ላይ ይገፋል፣ ደቃቁ ወደ ታች ይሰርጋል፤ እህል በሰፌድ ሲንገዋለል ግርዱ ከላይ እንደሚሰበሰበው ነው። ስለዚህ ማሳ ላይ ወፋፍራም ገል ብቻ ያየ ሰው «የጥንቶቹ ጋን እንጂ ትንንሽ ዕቃ አልነበራቸውም» ብሎ መደምደም የለበትም። በአንድ ጊዜ ለዓይን የሚታየው ከታረሰው አፈር ውስጥ ካለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ገሉ ቀስ በቀስ ቁልቁል ይወርዳል። ከትልሙ በታች ያለው የቤት መሠረትና የምድጃ አመድ ግን ሳይነካ ሊቆይ ይችላል፤ ጠልቆ የሚያርስ ትራክተር እስኪመጣ ድረስ።

በመረሬ አፈር ነገሩ ይወሳሰባል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ገል ስንጥቁ ውስጥ ይወድቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ ድንጋይ ይገፋል። በሬ ሳይጠመድም ይደባለቃል ማለት ነው። የገሉን ጥልቀት አይቶ ዕድሜ መገመት እዚህ አያስተማምንም።

ከጣና በስተምሥራቅ በላሊበላ ዋሻ (ከላስታው ላሊበላ ጋር አይምታታ) ጆአን ዶምብሮውስኪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆፍራ ገብስና ሽምብራ አግኝታለች፤ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው። ዋሻ አይታረስምና ማስረጃው ተረፈ። ያ ገብስ የበቀለው ግን ዋሻ ውስጥ አይደለም። የአራሾቹን መንደር መፈለግ ያለብን ዛሬም በሚታረሰው ማሳ ላይ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር በሮማውያን ዘመን የነበሩ በርካታ የገጠር መንደሮች የተለዩት ሰዎች የታረሰ ማሳ ላይ ተሰልፈው እየተራመዱ፣ ገሉ የወደቀበትን ቦታ እየመዘገቡ ነው።

ቦታው ያልታወቀ ገል ለጥናት እምብዛም አይረባም። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ገል ወይም የተጠረበ ባልጩት ያገኛችሁ ገበሬዎች፣ አትቆፍሩ፤ የማሳውን ስምና የተገኘበትን ጥግ ይዛችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።