የአጥንት ወስፌና የስፌት ሣር

መሶብ ወይም ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ከወስፌዋ በቀር ሌላ መሣሪያ እምብዛም አትሻም። የሣሩን ጥቅል እያዞረች ስትደርብ ወስፌው ቀዳዳ ያበጅላታል፤ ቀጭኑም ሣር በዚያው አልፎ አዲሱን ዙር ከቀድሞው ጋር ያስራል። ወስፌው ዛሬ ብረት ነው፤ ብረት ሳይታወቅ በፊት ግን ይኸው ሥራ በአጥንት ይከናወን ነበር።

የአጥንት ወስፌ የሚበጀው ከፍየል፣ ከበግ ወይም ከዱር እንስሳ ቅልጥም ነው። አጥንቱ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ጫፉ በሻካራ ድንጋይ እየተሳለ ይሾላል፤ የመገጣጠሚያው ጕጥም ለመያዣ ይቀራል። በአውሮፓ ዋላ የተባለው እንስሳ በየዓመቱ የሚጥለው ባለቅርንጫፍ ቀንድም መውጊያ ይሠራበት ነበር። (የአገራችን አጋዘን ቀንዱን አይጥልምና በዚህ አይወዳደረውም።) የተወለወለ አጥንት ሣሩን ገለል አድርጎ ያልፋል እንጂ አይቆርጠውም። ብዙ ዘመን ሣር የወጋም ጫፍ ያብረቀርቃል፤ ሊቃውንት ይህንኑ በአጕሊ መነጽር እየመረመሩ ቆዳ ከወጋው ለመለየት ይጥራሉ።

አጥንት ከመሬት በታች ሺህ ዓመታት ሲቆይ ስፌቱ ግን ይበሰብሳል። ሁለቱ በአንድ አገር ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ እንደ ግብፅ ያለ ደረቅ ምድር ነው። እንግሊዛዊቷ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ በፋዩም በቆፈረችበት ስፍራ የአጥንት መውጊያዎች ተገኝተዋል፤ ከ6 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የእህል ጉድጓዶችም ተገኝተዋል። የጉድጓዶቹ ግድግዳ እንደ መሶብ እየዞረ በተሰፋ ገለባ የተለበጠ ሲሆን፣ በአንዳንዱ ውስጥ ስንዴና ገብስ እንደ ተከተተ ነበር። እነዚያ ገበሬዎች ስፌትን የቆጠሩት እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ጎተራ ነበር።

ወስፌው ከአጥንት ወደ ብረት ሲለወጥ የስፌቱ ብልሃት አልተለወጠም። የሚያሳስበው የሣሩ ነገር ነው። ስንደዶና አክርማ የሚበቅሉት በእርሻ ድንበር፣ በመንገድ ዳርና በግጦሽ መሬት ነው። ገበሬው አንድ ትልም ለመጨመር ብሎ ድንበሩን ሲያርስ የሚያገኘው ጥቂት ቁና እህል ነው፤ የሚያጣው ግን የቤቱን የመሶብ ሣርና አፈሩን የሚይዝለትን ሥር ነው። ይህ የተበላሸ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ድንበሩ ሳይታረስ ይቆይ፤ ከብትም ስንደዶው እስኪመዘዝ ድረስ አይሰማራበት። ስንደዶ የሚመዘዘው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ አገዳው ሳይደርቅ ነው። ከዚያ በኋላ ደርቆ በነዶ ይታሰራል፤ ሊሰፋ ሲፈለግም ጥቂት ውኃ ይርከፈከፍበታል።