መልስ ሰጪው መሣሪያና ጠያቂው መምህር

አዲስ የትምህርት መሣሪያ በመጣ ቁጥር «እንግዲህ መምህር ምን ሊሠራ ነው?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ይኸው ጥያቄ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ስለሚሰማ፣ በአገራችን ከታየው አንድ ምሳሌ ተነሥተን ጥቂት ለመናገር ወደድን።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የተባለው ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ስለሚሠራጭ፣ የከተማውና የገጠሩ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት እንዲያይ ታሰበ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይኑ ለማየት ቻለ። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ተማሪው «አልገባኝም» ቢል አይቆምም፤ እጁን ቢያነሣ አያየውም፤ እንግሊዝኛው ቢፈጥንበት አይጠብቀውም፤ መብራት ሲጠፋም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። መምህሩም ለመግቢያና ለመደምደሚያ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ የቀረውን ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች ሆነ።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ቻትጂፒቲና እርሱን የመሰሉት በጽሑፍ የሚያነጋግሩ መሣሪያዎች ግን የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ተማሪው ለጠየቀው ሁሉ መልስ ይሰጣሉ፤ «አልገባኝም» ቢላቸው ሳይሰለቹ በሌላ መንገድ ያስረዳሉ። ስለዚህ ፕላዝማው የጎደለው ተሟላ ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሌላ ሥጋት ተተክቷል፤ ይኸውም መሣሪያው የቤት ሥራውን ሠርቶለት ተማሪው ገልባጭ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ደግሞም ስሕተቱን እንደ እውነት አሳምሮ የሚናገርበት ጊዜ ስላለ፣ የማይመረምር ተማሪ ስሕተትን ዕውቀት ብሎ ይዞ ይሄዳል።

ለዚህ የሚሆነውን ዘዴ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻም፤ ከጥንቱ የቅኔ ቤታችን እናገኘዋለን። በዚያ የሌላውን ቅኔ መድገም ብቻ አይበቃም፤ ተማሪው የራሱን ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። የወደፊቱም ትምህርት ቤት እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። መልሱን ከመሣሪያ ያመጣ ተማሪ፣ «ይህ እውነት መሆኑን በምን ዐወቅህ?» ተብሎ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ሊጠየቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ እናንተ ተማሪዎች፣ መሣሪያውን ጠይቁት እንጂ በእናንተ ፈንታ እንዲያስብ አትፍቀዱለት። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶችም የሚገዛውን ዕቃ ከመቁጠራችሁ በፊት ስለ መብራቱ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ መምህሩ ሥልጠና አስቡ። ዕቃ በገንዘብ ይገዛል፤ ማሰብ ግን የሚገኘው በልምምድ ነው።