ማቆም የሚያውቅ ባትሪ መሙያ

በክረምት የስንዴ ማሳ በአረም ሲወረርም ሆነ በበጋ የመስኖ ሽንኩርት በተባይ ሲጠቃ፣ በእጅ እየተገፋ ይሠራ የነበረው የጀርባ መርጫ በብዙ አርሶ አደሮች ዘንድ በባትሪ በሚሠራው እየተተካ መጥቷል። ክንድ አያደክምም፤ ግፊቱም እኩል ስለሆነ ኬሚካሉ በማሳው ላይ ተመጣጥኖ ይረጫል። ችግሩ የሚጀምረው መርጫው ወደ ቤት ከገባ በኋላ ነው። አብሮት የመጣው ቻርጀር ሲበላሽ ምትኩን በወረዳው ከተማ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ማሠራት፣ አለዚያም ከጎረቤት የተገኘውን መሰካት የተለመደ ነው። 12 ቮልት የሆነውና ብዙውን ጊዜ 8 አምፒር ሰዓት ያህል የሚይዘው የመርጫው ባትሪ ታዲያ ሆዱ ይነፋል፣ ይግላል፣ ጠዋት ሞልቶ የተነሳው ግማሽ ጥማድ ሳይረጭ ያልቃል። አርሶ አደሩ ባትሪው ጥራት የለውም ብሎ ያማርራል። በብዙ አጋጣሚ ግን ጥፋቱ የመሙያው ነው።

በእነዚህ መርጫዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሊድ አሲድ ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት። እየተሞላ ሳለ ቮልቴጁ 14.4 አካባቢ ሲደርስ ጠግቧል ማለት ነው። ለጠገበ ማሳ ውሃ መልቀቅ ሥር እንደሚያበሰብስ ሁሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ኤሌክትሪክ ባትሪው ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሰነጥቀዋል። የመርጫ ባትሪ የታሸገ ነውና የጠፋው ውሃ አይተካም። ይበልጥ የሚያሰጋው ጋዙ ነው። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በአንዲት ፍንጣሪ ይፈነዳል። መስኮት በሌለው የሣር ክዳን ቤት፣ ከምድጃ አጠገብ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተሰካ መሙያ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በትራንስፎርመርና በዳዮድ ብቻ የሚሠራው ተራ መሙያ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ይህን እንዲያውቅ ለማድረግ ነው ማይክሮኮንትሮለር የሚገባው። ይህ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቺፕ ሲሆን፣ አርዱዪኖ በሚባለው ሰሌዳ ላይ የተለማመዱ ወጣት ቴክኒሻኖች ያውቁታል። ቺፑ የባትሪውን ቮልቴጅና የሚገባውን ከረንት በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እያነበበ፣ ሞስፌት የሚባለውን ማብሪያ ማጥፊያ ያዛል። ለ8 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ0.8 አምፒር ይጀምራል፤ 14.4 ቮልት ሲደርስ ቮልቴጁን እዚያው ይዞ ከረንቱ እስኪቀንስ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ወደ 13.6 ዝቅ ያደርገዋል ወይም ጨርሶ ይዘጋል።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ቺፑ ግን ከ5 ቮልት በላይ ማንበብ ስለማይችል የባትሪው ቮልቴጅ 30 ሺህ እና 10 ሺህ ኦም በሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 14.4 ቮልት 3.6 ሆኖ ይደርሰዋል። ቺፑ የሚለካው ከራሱ 5 ቮልት ጋር እያነጻጸረ ነው። ያ 5 ቮልት በእርግጥ 5.2 ከሆነ ቺፑ 14.4 ብሎ ባነበበ ጊዜ ባትሪው 15 ቮልት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ትክክል ይመስላል፤ ባትሪው ግን እየፈላ ነው። ስለዚህ ማነጻጸሪያው ቮልቴጅ የማይዋዥቅ ሆኖ መሠራት፣ ንባቡም በጥሩ ቴስተር መረጋገጥ ይኖርበታል።

የአየሩ ሙቀትም ቁጥሩን ይለውጣል። 14.4 የሚባለው ለ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.02 ቮልት ይቀነሳል። መተማ ላይ በ40 ዲግሪ የሚሞላ ባትሪ 14.1 ይበቃዋል፤ ደባርቅ በ10 ዲግሪ ብርድ ግን 14.7 ይፈልጋል። አንድ ዓይነት መሙያ ለቆላውም ለደጋውም የሚታደል ከሆነ ባትሪውን የሚነካ የሙቀት መለኪያ የግድ ነው።

ብዙ ሠሪዎች የማያስቡት አደጋ የሞተ ክፍል ያለው ባትሪ ነው። ከስድስቱ አንዱ ክፍል በውስጥ ከተነካካ የቀሩት አምስቱ ወደ 10.5 ቮልት ያሳያሉ። መሙያው 14.4 እስኪደርስ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ባትሪው እዚያ የሚደርሰው አምስቱ ክፍሎች የስድስቱን ድርሻ ሲሸከሙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። መሙያውም ሌሊቱን ሙሉ ሳያቆም ይገፋል። መድኃኒቱ የጊዜ ገደብ ነው፦ በጣም የወረደ ባትሪ በመጀመሪያ በትንሽ ከረንት ይሞከራል፤ በግማሽ ሰዓት ካላንሰራራ እምቢ ይባላል። ሙሉው ሥራም ከተወሰነ ሰዓት በላይ አይዘልቅም።

እዚህ ላይ የገጠሩ መብራት የራሱን ጣጣ ያመጣል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቺፑ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ሰዓቱንም ከዜሮ ይቆጥራል። በአንድ ሌሊት አራቴ ከጠፋ የጊዜ ገደቡ አራቴ ታደሰ ማለት ነው። ያለፈው ሰዓት መብራት ቢጠፋም በማይሰረዘው የቺፑ ማኅደር ውስጥ መመዝገብ አለበት። መብራቱ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅም በመግቢያው ላይ ፊውዝና ቫሪስተር ይጠይቃል።

ቺፑ ራሱ ቢደርቅስ? ማብሪያው ክፍት እንደሆነ ፕሮግራሙ ከቆመ ባትሪው ያለ ጠባቂ ይቀራል። ፕሮግራሙ ሲደርቅ ቺፑን የሚያስነሳው ዎችዶግ የሚባለው ሰዓት ይረዳል፤ ሆኖም አይበቃም። ቺፑ ትእዛዝ በማይሰጥበት ጊዜ ሞስፌቱ በሬዚስተር ተጎትቶ ዝግ እንዲሆን ተደርጎ መሠራት አለበት። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ፣ ገመድ ሲገለበጥ የሚከላከል ዳዮድ፣ ሙቀት ሲያልፍ የሚቆርጥ ፊውዝ፤ እነዚህ ፕሮግራም አይፈልጉም። 220 ቮልቱን ከባትሪው የሚለይ ትራንስፎርመር የሌለው መሙያ ደግሞ ወጪ ቢቀንስም ሰው ይገድላል፤ የመርጫው ገመድ የሚያዘው በእርጥብ እጅ ነውና።

ሶላርም ቢሆን ነገሩ አይለወጥም። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓኔል ምንም ሳይያያዝበት ከ20 ቮልት በላይ ይሰጣልና በቀጥታ ከባትሪ ጋር አይገናኝም። በአዳዲስ መርጫዎች ውስጥ የሚመጣው የሊቲየም ባትሪ ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። ሦስት ክፍል ያለው 12.6 ቮልት ላይ ማቆም ሲገባው 14.4 ቢሰጠው ሊቀጣጠል ይችላል። ለእሱ አብሮት የመጣው ወይም ለዚያው ዓይነት ባትሪ በፋብሪካ የተሠራው ቻርጀር ብቻ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ ጠጋኙ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ጽሑፍ ማንበብ አለበት።

በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች መሙያ የማሠራት ሐሳብ ያለው የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ከመረከቡ በፊት ስክሪኑንና የሚብለጨለጩትን መብራቶች ከማድነቅ ይልቅ ቢፈትን ይሻላል። ፈተናው በባለሙያ እጅ፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይፈጅም። የባትሪው ገመድ ተገልብጦ ይያያዝ። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ይነቀል፤ መሙያው መቆም አለበት። እየሞላ ሳለ መብራቱ ደጋግሞ ይጥፋና ይመለስ፤ የተቆጠረው ሰዓት ከነበረበት መቀጠሉ ይታይ። 10.5 ቮልት ላይ የቀረ የተጣለ ባትሪ ይሰጠው፤ እምቢ ማለት አለበት። በመጨረሻም ሶኬቱ ተነቅሎ ቺፑ ከመቀመጫው ይውጣ፤ መሙያው ያለ ቺፕ ባትሪ ተያይዞበት እንደገና ይሰካ። ቴስተሩ ዜሮ አምፒር ካላሳየ ሥራው ለሠሪዎቹ ይመለሳል።