በሐረና ጫካ ስለምትኖር ቡናማ እንቁራሪት

ክረምት ሲገባ በልደታ ከወንዙ ዳር የሚኖር ሰው የእንቁራሪት ጩኸት ሳይሰማ አያድርም። ሆኖም አብዛኞቻችን እንቁራሪትን የምናውቃት ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተሰነጠቀች በሚለው ተረት ነው። በአገራችን ብቻ የምትገኝ፥ በሌላ ዓለም የሌለች እንቁራሪት መኖሯን እኔም የሰማሁት ዘንድሮ ከባዮሎጂ መምህራችን ነው።

ይህች እንቁራሪት የምትኖረው በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ቁልቁለት፥ በሐረና ጫካ ነው። ሐረና ከታች የዱር ቡና የሚበቅልበት፥ ከላይ ደግሞ አስታ የሚያለብሰው ሰፊ ደን ነው። እርሷም ፈጥነው በሚወርዱ ቀዝቃዛ ጅረቶች ዳር፥ በእርጥብ ሣር መካከል ትኖራለች። ቁመቷ 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ቡናማ መልኳም ከረገፈ ቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል አጠገቧ የቆመ ሰው እንኳ ላያያት ይችላል። ማልኮልም ላርገን የተባሉት የእንስሳት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ብለው ሰየሟት። ኤሪካ የአስታ የሳይንስ ስም ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ «የባሌ የአስታ እንቁራሪት» ብንላት አንሳሳትም። ለአፍም ይህኛው ይቀላል።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን ዘመዶቿ ያሉበት ሥፍራ ነው። ሊቃውንት የዘር ባሕርይዋን በመረመሩ ጊዜ የቅርብ ዘመዶቿ የተገኙት ከጎረቤቶቻችን ዘንድ ሳይሆን በእነካሜሩን የደን ጅረቶች ነው። በመካከል ያለውን በረሃና ሜዳ ያየ ሰው፥ ደኑ በጥንት ዘመን ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ ይጠይቃል።

እነሆ አሁን ልትጠፋ ከተቃረቡት እንስሳት ተቆጥራለች። ተመራማሪዎች ከ1971 እስከ 2009 በተደረጉት ፍለጋዎች አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት የባሌ እንቁራሪቶች እንደሚያገኝ አመሳክረው፥ ቁጥሩ እየወረደ መምጣቱን ተረዱ። እንቁራሪት በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም ትተነፍሳለች፤ ቆዳዋ ከደረቀ ትሞታለች። ዛፉ ሲቆረጥ ፀሐይ ጅረቱን ታገኘዋለች፤ ከብት ሲበዛ ዳርቻው ይረገጣል፥ ውኃውም ይደፈርሳል። በዚህ ላይ የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ፥ በብዙ አገሮች ፍጅት ያደረሰ ሻጋታ በባሌም ተገኝቷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ነገር ግን ከብቶቹ መዝገብ አያነቡም።

ይህን ጽሑፍ ሳነብላት እናቴ «ለአንዲት እንቁራሪት ነው ይህ ሁሉ ወረቀት?» አለችኝ። የሐረና ጅረቶች ወደ ያዶትና ወደ ወልመል ወንዞች እንደሚወርዱ፥ እነርሱም ከገናሌ ጋር ተቀላቅለው እስከ ሶማሊያ ሕዝብና ከብት እንደሚያጠጡ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ ይህን ከላይ አታስቀድመውም ነበር?» አለችኝ።