ማግኔቱን የሚሸከመው ብረት

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካዳራሽ ላይ እየተገጣጠመ ያለው የኑክሌር ፊውዥን ማሽን ኢተር ፕላዝማውን የሚያቅፉ 18 ግዙፍ የማግኔት ጥቅሎች አሉት። የአንዱ ቁመት 17 ሜትር፣ ክብደቱ ከ300 ቶን በላይ ነው። ከዚህ ክብደት አብዛኛው ሱፐርኮንዳክተር ሳይሆን የማይዝግ ብረት ነው። ሽቦው 68 ሺህ አምፒር ተሸክሞ ወደ 12 ቴስላ በሚጠጋ መስክ ውስጥ ሲቆም በኃይል ይገፋል፤ መስኩ እጥፍ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጥቅሎቹ ሁሉ ወደ ማሽኑ መሐል ይሳባሉ። በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል 40 ሺህ ቶን ክብደት ያህል ስለሆነ፣ ቀጥ ያሉት ጎኖቻቸው እንደ ቅስት ድንጋይ ተደጋግፈው እንዲቆሙ ተደርገው ተነድፈዋል።

እኔ እንደማየው የዘርፉ ዋና ጣጣ ከሱፐርኮንዳክተሩ ይልቅ እሱን አቅፎ የሚይዘው አካል ነው። ከኒዮቢየምና ከቆርቆሮ የሚሠራው ሽቦ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ይጠመጠማል፤ ከዚያ በ650 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ከወጣ በኋላ እንደልብ አይታጠፍም። ችግሩ እሳቱ ርዝመቱን በጥቂቱ መለወጡ ነው፤ እስከ 760 ሜትር የሚደርስ ሽቦ ደግሞ በብረት ሳህን ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ልክክ ብሎ መግባት አለበት። ቦዩን የሚቆርጠው ባለሙያ ለውጡን አስቀድሞ ማስላት ግድ ይለዋል።

በጀርመን ግራይፍስቫልድ ያለው የፊውዥን ማሽን ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ ሌላ ዓይነት ራስ ምታት ነው፦ 50ዎቹ ዋና ጥቅሎቹ ጠማማ ስለሆኑ ኃይሉ በየአቅጣጫው ይጎትታቸዋል።

መዘዙ አንዳንዴ ከትንሽ ቦታ ይመጣል። በጃፓን ናካ፣ ጄቲ-60ኤስኤ የተባለው የፊውዥን ማሽን ማግኔቶች ከቀዘቀዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንዱ ጥቅል መጋጠሚያ ላይ ኢንሱሌሽኑ ከድቶ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ተነሳ፤ ሂሊየምም አፈተለከ። ማሽኑ የመጀመሪያ ፕላዝማውን ያገኘው በጥቅምት 2023 ነው።

በዚያው በ2021 የአሜሪካው ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ ከኤምአይቲ ጋር ሆኖ በአዲስ ዓይነት የሱፐርኮንዳክተር ቴፕ በተሠራ ማግኔት 20 ቴስላ ደረሰ። በዚህ መስክ ግፊቱ ከባቢ አየር ከሚጫነን ወደ 1,600 እጥፍ ይጠጋል፤ ከቴፑ በፊት የሚጨነቀው ብረቱ ነው። መሐንዲሶቹ በቴፑ ዙሮች መካከል ኢንሱሌሽን አለማስገባትን መረጡ፤ ይህም በጥቅሉ ውስጥ ለስላሳና ደካማ ነገር ቀነሰላቸው። ዋጋው ጥቅሉ ቀስ ተብሎ ካልሆነ በኤሌክትሪክ አለመሞላቱ ነው። በማሽኑ መሐል ለሚቆመውና ኤሌክትሪኩ በየቅጽበቱ ለሚለዋወጥበት ጥቅል፣ ለሶሌኖይዱ፣ ይህ ስለማይሆን፣ ለእሱ ኢንሱሌሽን ያለው ሌላ ኬብል መሥራት ነበረባቸው።