የማያንቀላፋው ማግኔት

ለኤም.አር.አይ. ምርመራ የቀረበ ሰው ቁልፉንና ሳንቲሙን ውጭ እንዲያስቀምጥ የሚጠየቀው ለምንድን ነው? የመሣሪያው መግነጢሳዊ መስክ ብዙውን ጊዜ 1.5 ቴስላ ሲሆን፣ ይህም ከመሬት መስክ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የማግኔቱ ጥቅል ሽቦ በፈሳሽ ሂሊየም እስከ -269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ፣ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይዘዋወራል፤ በመሆኑም ምርመራ በማይካሄድበት ሰዓትም፣ መብራት ቢቋረጥም እንኳ ማግኔቱ ሥራ ላይ ነው። ወደ መሣሪያው አፍ ሲቃረቡ መስኩ በፍጥነት ስለሚጨምር ብረትን በኃይል ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በዚህ ኃይል የተሳበ የኦክስጅን ሲሊንደር የ6 ዓመት ሕፃን ሕይወት አጥፍቷል።

ሆኖም ኪስን ባዶ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። የልብ ምት ማስተካከያ፣ የጥይት ፍንጣሪ፣ ከብየዳ ሥራ በዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ ከውጭ አይታዩም። እንግዲህ ዋናው ዝግጅት የሰውነትን ታሪክ ለባለሙያው ሳይደብቁ መናገር ነው።